የወደቀን ተከትሎ መግባት፦ የአንድ ሩሲያዊ የሳምቦ ተፋላሚ የሥራ ዘመን

ጉዳዩ ለምን ተመረጠ

ይህ የጉዳይ ጥናት ከ2000 እስከ 2023 በከባድ ሚዛን የተፋለመን አንድ ሩሲያዊ ይመለከታል (ዓመታቱም ወራቱም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቡጢን፣ እርግጫንና ትግልን በሚያቀላቅለው ቅይጥ ማርሻል አርት 40 ጊዜ አሸንፎ 7 ጊዜ ተሸንፏል፤ አንድ ግጥሚያው ያለ ውጤት ተቋርጧል። ከ2001 እስከ 2010 አጋማሽ ድረስ በዚህ ስፖርት ያሸነፈው ሰው አልነበረም። ሳምቦ የተባለው የሶቪየት ትግል ቡጢና እርግጫ የሚፈቀድበት ዘርፍ በሆነው በኮምባት ሳምቦም የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ስፖርቱን የሚከታተል አንባቢ ማን እንደሆነ ወዲያው ይለየዋል፤ ሆኖም የእሱንም ሆነ የተጋጣሚዎቹን ስም አልጠቅስም። ስም በተነሳ ቁጥር ወሬው «ከሁሉ የሚበልጠው ማን ነው» ወደሚል ክርክር ይዞራል፤ እኔ የምፈልገው ደግሞ የሥራውን መንገድ ማየት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ሰው ተጋጣሚው ሲወድቅ ቆሞ አይመለከትም። የወደቀው ሰው ትንፋሽ ሳይሰበስብ በላዩ ይደርሳል፣ ይመታል፣ ክንድ ወይም አንገት ይይዛል። አሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ያሸነፈው በአብዛኛው በዚህ ልማድ ነው። ከባድ ሽንፈቶቹ ሲመረመሩም ያው ልማድ ተመልሶ ይገኛል። ልማዱ ሳይለወጥ ዙሪያው ሁሉ ተለወጠ። ተፋላሚ ለሚያሠለጥን ሰው ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር የሥራ ዘመን አላውቅም።

መነሻው

በ1976 በዩክሬን ሉሃንስክ ክልል፣ ሩቢዥኔ በምትባል ከተማ ተወለደ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ወይም እንደሞላው ቤተሰቡ ወደ ሩሲያ፣ ቤልጎሮድ ክልል ውስጥ ወዳለችው ስታሪ ኦስኮል ተዛወረ። ከተማዋ የብረት ማዕድንና የብረታ ብረት ፋብሪካ ሠራተኞች ከተማ ናት። እናቱ መምህርት፣ አባቱ የብየዳ ሠራተኛ ነበሩ። ከአራት ልጆች ሁለተኛው እሱ ነው። ቤቱ ጠባብ፣ ገቢው አነስተኛ ነበር። ወደ ልምምድ ሲሄድ ሕፃኑን የሚጠብቅ ሰው ስለማይገኝ ታናሽ ወንድሙን አስከትሎ ይሄድ ነበር። ያ ሕፃን አድጎ በራሱ ስም የታወቀ የከባድ ሚዛን ተፋላሚ ሆነ።

በልጅነቱ የተቀበሉትና ለብዙ ዓመታት አብረውት የቆዩት የሳምቦ አሠልጣኝ፣ ልጁ በጉልበትም ሆነ በተፈጥሮ ችሎታ ከጓደኞቹ የሚለይ እንዳልነበረ ይናገራሉ። እንደ እሳቸው አነጋገር የተለየው በፈቃደ ጽናቱ ነው፤ ያላወቀውን ነገር እስኪያውቀው ድረስ አይለቅም ነበር።

በ1994 ከሙያ ትምህርት ቤት በኤሌክትሪክ ሥራ ተመረቀ። ከ1995 እስከ 1997 ወታደር ነበር፤ መጀመሪያ በእሳት አደጋ ክፍል፣ በኋላ በታንክ ክፍል አገለገለ። እዚያ የሳምቦ አጋር ስላልነበረው ባገኘው ጊዜ ይሮጥና ብረት ያነሳ ነበር። ከሠራዊቱ ሲወጣ ሰውነቱ ዳብሮ ነበር። በ1997 በሳምቦና በጁዶ የስፖርት ሊቅነት ማዕረግ አገኘ፣ በ1998 በሩሲያ የጁዶ ሻምፒዮና የነሐስ ሜዳሊያ ወሰደ።

ሜዳሊያ ግን ቤት አያስተዳድርም ነበር። ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች በኋላ ባሉት ዓመታት የጁዶና የሳምቦ ስፖርተኛ የሚያገኘው ገንዘብ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በ1999 ሚስት አገባ፣ ልጅም ተወለደች። በ2000 ወደ ጃፓን መድረክ ያመራው በዋናነት ገንዘብ ስላስፈለገው እንደሆነ ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። የገባበት ሙያ በፍላጎት ተመርጦ ያልመጣ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ ከልጅነቱ ይዞት የመጣውን ዕውቀት በቶሎ ወደ እንጀራ መለወጥ ነበረበት።

ሳምቦ የሰጠው

ሳምቦ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ በሶቪየት ኅብረት የተቀረጸ የትግል ዓይነት ነው። ከጃፓን ጁዶና በኅብረቱ ውስጥ ከነበሩ ሕዝቦች ባህላዊ ትግሎች የተውጣጣ ሲሆን በ1938 በይፋ እንደ ስፖርት ታወቀ። ተጋጣሚዎቹ ጃኬትና ቁምጣ ይለብሳሉ። በስፖርት ሳምቦ መጣል፣ ወለል ላይ አጣብቆ መያዝ፣ ክንድና እግር መቆለፍ ይፈቀዳል፤ ማነቅ አይፈቀድም። ኮምባት ሳምቦ የሚባለው ደግሞ ቡጢን፣ እርግጫንና ማነቅን ይጨምራል።

ለዚህ ጉዳይ ዋናው ቁም ነገር ወለል ላይ ያለው ጊዜ ነው። በሳምቦም ሆነ በጁዶ ተጋጣሚዎቹ መሬት ላይ ወድቀው ምንም ካልሠሩ ዳኛው ፈጥኖ ያስነሳቸዋል። ስለዚህ ጥሎ ማሰብ የለም። ተጋጣሚህ በአየር ላይ እያለ ክንዱን የት እንደምትይዝ መወሰን አለብህ፤ ጀርባው ወለሉን ሲነካ አንተ መቆለፍ ጀምረህ መሆን አለበት። ከአሥር ዓመቱ ጀምሮ በዚህ ሕግ ያደገ ሰው መጣልንና መጨረስን እንደ ሁለት ሥራ አያያቸውም።

ይህ ልማድ ወደ ቅይጥ ማርሻል አርት ሲሻገር ቡጢ ተጨመረበት። ሰፊና ከላይ የሚወርድ ቀኝ ቡጢ ይወረውራል፤ ከነካ ይጥላል፣ ካልነካም ክንዱ በተጋጣሚው አንገት ላይ ያርፍና መያዣ ይሆናል። ከመያዣው መጣል፣ ከመጣሉ መምታት፣ ከመምታቱ መቆለፍ ይቀጥላል። ቁመቱ ከ183 ሴንቲሜትር ያልበለጠ፣ ክብደቱም 105 ኪሎ ገደማ የሆነ ሰው ከእሱ በጣም የሚገዝፉትን ያሸነፈው በዚህ ተከታታይነት ነው።

የመጀመሪያው ሽንፈት

በታኅሣሥ 2000 በጃፓኑ «ሪንግስ» ውድድር በአንድ ምሽት ሁለት ጊዜ ተፋለመ። መጀመሪያ አንድ ብራዚላዊን በነጥብ አሸነፈ። በሁለተኛው ግጥሚያ በ17 ሰከንድ ውስጥ የጃፓናዊው ተጋጣሚ ክርን ፊቱን ሰነጠቀው። በውድድሩ ሕግ በክርን ራስን መምታት ክልክል ነበር፤ ነገር ግን የጥሎ ማለፍ ውድድር ስለሆነ የግድ አንድ ሰው ማለፍ ነበረበት። የሚደማ ሰው መቀጠል ስለማይችል ሽንፈቱ በእሱ ላይ ተመዘገበ። ከአራት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በሚያዝያ 2005 ሁለቱ ድጋሚ ተገናኙ፤ ጃፓናዊው ከመጀመሪያው የአሥር ደቂቃ ዙር በኋላ በሐኪም ውሳኔ እንዲያቆም ተደረገ።

ይህ ሽንፈት ፍትሐዊ እንዳልነበረ ማንም ይስማማል። ጉዳቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው ብዬ አስባለሁ። ለዓመታት «በእውነት ማንም አሸንፎት አያውቅም» የሚል እምነት በዙሪያው ተተከለ። እምነቱ እውነት ነበረ፤ እውነት በመሆኑም ማንም ሊጠይቀው አልደፈረም። የአሠለጣጠኑ መንገድ ለምርመራ የሚቀርብበት አንድም አጋጣሚ ሳይኖር አሥር ዓመት ሊያልፍ ትንሽ ቀረው።

ዘዴው ሲሠራ

በመጋቢት 2003 በዮኮሃማ፣ በ«ፕራይድ» ድርጅት የከባድ ሚዛን ቀበቶውን ከያዘው ብራዚላዊ ጋር ገጠመ። ሻምፒዮኑ ጀርባው ላይ ተኝቶ ተጋጣሚውን በእግሮቹ መሃል በመያዝ ክንድ የሚቆልፍና የሚያንቅ ሰው ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከ150 ኪሎ በላይ የሚመዝን አሜሪካዊ እላዩ ላይ ወድቆ ሲደበድበው ቆይቶ፣ በመጨረሻ ሻምፒዮኑ የአሜሪካዊውን ክንድ ቆልፎ እጅ እንዲሰጥ አድርጎታል። በዚያ ዘመን የነበረው ምክር አንድ ነበር፦ ይህን ሰው ከጣልከው ተነስ፣ እግሮቹ መሃል አትቆይ።

ሩሲያዊው ምክሩን አልሰማም። ጣለው፣ ተከትሎ ገባ፣ በእግሮቹ መሃል ቆየ። ልዩነቱ የአቀማመጡ ነበር። ዳሌውን ወደ ኋላ አርቆ፣ ጀርባውን ቀና አድርጎ፣ እጆቹን ከላይ እየለቀቀ ይመታና ክንዱ ሳይያዝ ይመልሰዋል። ብራዚላዊው እግሩን ወደ ትከሻው ባነሳ ቁጥር ወይ ራሱን ያወጣል ወይ በእግሩ ላይ ክብደቱን ጥሎ ይጫነዋል። ይህን ለሃያ ደቂቃ ደጋገመው። በዳኞች ሙሉ ድምፅ አሸንፎ ቀበቶውን ወሰደ። ግጥሚያውን ደግሞ ላየ ሰው የሚገርመው ድፍረቱ ብቻ አይደለም፤ ጥንቃቄው ነው። ወደ አደገኛው ቦታ ቢገባም እዚያ ሆኖ አልቸኮለም።

ሁለተኛው ምሳሌ ሰኔ 2004 ነው። አንድ አሜሪካዊ የነፃ ትግል ሰው ከኋላ ወገቡን አቅፎ ብድግ አደረገውና ወደ ኋላ በመገልበጥ በአንገቱና በትከሻው ላይ አሳረፈው። ምስሉን ያየ ሁሉ አንገቱ የተሰበረ መስሎት ነበር። እሱ ግን ወለሉን በነካበት ቅጽበት መዞር ጀመረ። ተገልብጦ ከላይ ሆነ፣ የአሜሪካዊውን ክንድ ያዘ፣ ወደ ኋላ ጠምዝዞ እጅ እንዲሰጥ አደረገው። ሁሉም ነገር በመጀመሪያው ዙር በ1 ደቂቃ ከ33 ሰከንድ አለቀ። ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚመጣው ድንጋጤ ነው፤ በሳምቦ ያደገ ሰው ግን መውደቅ የሥራው አካል ስለሆነ መውደቁን እንደ መቋረጥ አይቆጥረውም።

ሦስተኛው ነሐሴ 2005 በሳይታማ ከክሮኤሺያዊው መቺ ጋር የተደረገው ነው። ይህ ሰው በግራ እግሩ ራስ ላይ በሚያሳርፈው እርግጫ ብዙዎችን በዝረራ ጥሏል፤ ከአንድ ዓመት በፊት የሩሲያዊውን ታናሽ ወንድምም በዚያው እርግጫ ጥሎት ነበር። ለዚህ ግጥሚያ ሩሲያዊው ወደ ኔዘርላንድስ ሄዶ ከእርግጫና ቡጢ ባለሙያዎች ጋር ሠራ። እርግጫ ቦታ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ዕቅዱ ቦታውን መንሳት ነበር። ከመጀመሪያው ደወል ጀምሮ ወደ ፊት ብቻ ሄደ። በመጀመሪያው ዙር አፍንጫው ደማ፣ ጎኑ ከእርግጫው የተነሳ ቀይ ሆነ፤ ወደ ኋላ ግን አላለም። ክሮኤሺያዊው ወደ ኋላ እየሄደ መርገጥ ስለሚያቅተው ደከመ፣ ወለል ላይም ተጣለ። ውጤቱ በሙሉ ድምፅ ለሩሲያዊው ሆነ። በእኔ ግምት ከሥራ ዘመኑ ሁሉ በዝግጅት የተሟላው ግጥሚያ ይህ ነው፤ ከራሱ የሥልጠና ቤት ወጥቶ የሌላ ሙያ ሰዎችን ፍለጋ የሄደበትም ነውና።

ዘዴው ዋጋ አስከፍሎታል። ሰፊው ቀኝ ቡጢ ሁልጊዜ በጉልበት ሲወረወር በአጥንቱ ላይ በትክክል አያርፍም፤ ቀኝ እጁ በተደጋጋሚ ተጎዳ፣ ቀዶ ሕክምናም ተደረገለት።

በወቅቱ ያልተነበቡ ምልክቶች

በ2004 ብቻ አምስት ጊዜ ተፋልሟል። በመጋቢት 2007 «ፕራይድ» «ዩኤፍሲ» ለተባለው የአሜሪካ የቅይጥ ማርሻል አርት ድርጅት ባለቤቶች ከተሸጠ በኋላ ግጥሚያዎቹ ቀነሱ፦ በ2007 ሁለት፣ በ2008 አንድ፣ በ2009 ሁለት፣ በ2010 አንድ። ከ«ዩኤፍሲ» ጋር ንግግር ቢደረግም አልተሳካም። ዋናው ማሰናከያ እሱ ድርሻ ያለው የሩሲያው «ኤም-1» ድርጅት ግጥሚያዎቹን በጋራ ማዘጋጀት አለብኝ ማለቱ፣ «ዩኤፍሲ» ደግሞ አይሆንም ማለቱ ነበር። ገንዘቡን በተመለከተ ማን ትክክል ነበር የሚለው ለሌላ ጽሑፍ ይቆይ። ለተፋላሚው ብቃት ግን ውጤቱ ግልጽ ነው፤ በየጊዜው ከዓለም ምርጦች ጋር ከሚፋለሙት ከባድ ሚዛኖች ተለይቶ ቀረ።

በ2008 የበጋ ወር በካሊፎርኒያ አናሃይም አንድ ግዙፍ የቀድሞ የ«ዩኤፍሲ» ሻምፒዮንን በቡጢ ጥሎ፣ ተከትሎ ገብቶ፣ አንቆ በ36 ሰከንድ አሸነፈ። ልማዱ በሙሉ ውበቱ የታየበት ግጥሚያ ነው። ይህ ድል የብዙዎችን ዓይን ስለያዘ በዚያው ዓመት በሴንት ፒተርስበርግ የሆነውን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። በኮምባት ሳምቦ የዓለም ሻምፒዮና ግማሽ ፍጻሜ አንድ የ22 ዓመት ቡልጋሪያዊ በነጥብ አሸነፈው። በገዛ አገሩ፣ በገዛ ስፖርቱ መሆኑ ነው። ይህ ሽንፈት በቅይጥ ማርሻል አርት መዝገቡ ላይ ስለማይጻፍ ያለ ጥያቄ ታለፈ።

በጥር 2009 አንድ ቤላሩሳዊ የቀድሞ ሻምፒዮን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በቡጢ በለጠው፣ ወደ ማዕዘን ገፋው፤ ከዚያ ዘሎ በጉልበት ለመምታት ሲሞክር በአየር ላይ ቀኝ ቡጢ ተቀብሎ በግንባሩ ተደፋ። በኅዳር 2009 በኢሊኖይ ሆፍማን ኢስቴትስ ደግሞ አንድ ወጣት አሜሪካዊ ገና ሲጀመር አፍንጫውን ሰንጥቆታል፤ ሩሲያዊው በሁለተኛው ዙር በዝረራ አሸነፈው። ሁለቱም ድሎች አስደናቂ ነበሩ። ድሉን ወደ ጎን ትተን ብናያቸው ግን ሁለቱም ግጥሚያዎች «እየዘገየህ ነው» የሚል መልእክት ነበራቸው። በዝረራ የተጠናቀቀ ግጥሚያ ከማለቁ በፊት የነበሩትን ደቂቃዎች ይሸፍናቸዋል፤ አሠልጣኝ ማየት ያለበት ግን እነዚያን ደቂቃዎች ነው።

ሳን ሆዜ፣ 69 ሰከንድ

ሰኔ 26 ቀን 2010፣ ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ። ተጋጣሚው በወለል ላይ ጥበቡ የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ሌላ ብራዚላዊ ነው። ግጥሚያው ተጀመረ። ሩሲያዊው ተከታታይ ቡጢ ወረወረ፣ ብራዚላዊው ወደ ኋላ ወደቀ። ሩሲያዊው እንደ ልማዱ ተከትሎ ገባ።

የዮኮሃማውን ግጥሚያ ያየ ሰው ልዩነቱን በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ያስተውላል። ዳሌው ወደ ኋላ አልራቀም፤ ጀርባው ቀና አላለም። ለመጨረስ ስለቸኮለ ደረቱ ወደ ተጋጣሚው ወረደ፣ ክንዱም ተንጠራርቶ ቀረ። ብራዚላዊው እግሮቹን በአንገቱና በክንዱ ዙሪያ ጠመደ። ሩሲያዊው የመጀመሪያውን ወጥመድ በጉልበት ሰብሮ ወጣ። የጉዳዩ ሁሉ እምብርት እዚህ ላይ ነው፦ በወጣበት ቅጽበት መቆም ይችል ነበር። ዳኛው ብራዚላዊውን ያስነሳው ነበር፤ ግጥሚያው ከመቆም ይጀመር ነበር። እሱ ግን ተመልሶ ገባ። ሁለተኛው ወጥመድ አንገቱን እያነቀ ክንዱንም ቆለፈው። በ1 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ እጁን ሰጠ።

ከግጥሚያው በኋላ ያልወደቀ ሰው አይነሳም የሚል ሐሳብ ተናገረ። ሰበብ አልደረደረም፤ ለዚህ ላከብረው ይገባል። ትሕትና ግን ምርመራን አይተካም።

የተወሰዱ እርምጃዎችና ያልሠሩበት ምክንያት

ከስምንት ወር ገደማ በኋላ፣ በየካቲት 2011 በኒው ጀርሲ ከአንድ ግዙፍ ብራዚላዊ ጋር ገጠመ። ተጋጣሚው በሚዛን ላይ ወደ 120 ኪሎ ይጠጋ ነበር፤ እሱ በ105 ኪሎ ውስጥ ቆየ። መጀመሪያው ዙር ተቀራራቢ ነበር። በሁለተኛው ብራዚላዊው ጣለው፣ ደረቱ ላይ ተቀመጠ፣ ዙሩ እስኪያልቅ ደበደበው። አንድ ዓይኑ ሙሉ በሙሉ በማበጡ ሐኪሙ እንዳይቀጥል ወሰነ። በዚያው ምሽት ጊዜው ሳይደርስ አይቀርም ሲል ስለ መሰናበት ተናገረ።

በሐምሌ 2011 በሆፍማን ኢስቴትስ ከእሱ ያነሰ ክብደት ያለውና 40 ዓመት የሞላው አሜሪካዊ ቀረበለት። የተጋጣሚው ክብደት ስለቀነሰ ብዙዎች ችግሩ የተፈታ መስሏቸው ነበር። ሁለቱም ከመጀመሪያው ጀምሮ በኃይል ተማቱ። ሩሲያዊው አሜሪካዊውን መትቶ ጣለው። ተከትሎ ገባ። አሜሪካዊው ወለል ላይ ሆኖ በክንዱ ሥር ሾልኮ ከጎኑ ወጣና ከታች ወደ ላይ በሚመጣ ቡጢ አገጩን አገኘው። ግጥሚያው በ4 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ቆመ። «ስትራይክፎርስ» የተባለው ድርጅትም አሰናበተው።

እንግዲህ ሦስቱን ተከታታይ ሽንፈቶች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ፣ አንዱ የመጠን ልዩነት ነው፤ ሁለቱ ግን ራሱ በጣለው ሰው የመጡ ናቸው። በ13 ወር ውስጥ ያው ስሕተት ሁለት ጊዜ ተደገመ። በመካከሉ የተደረገው ለውጥ ዙሪያውን የሚመለከት ነበር፦ የተጋጣሚ መጠን፣ የውል ድርድር፣ የግጥሚያ ቀን። ስሕተቱ የተፈጠረባቸው ሦስት ወይም አራት ሰከንዶች ሳይነኩ ቀሩ።

ለምን? አንዱ ምክንያት የሥልጠና ቤቱ ሥርዓት ይመስለኛል። በስታሪ ኦስኮልና በካውካሰስ ተራሮች ሥር ባለችው ኪስሎቮድስክ አብረውት የሚሠለጥኑት ለብዙ ዓመታት የሚያውቁትና የሚያከብሩት ሰዎች ነበሩ። እንዲህ ያለ ቤት ሰላም ይሰጣል፣ ታማኝነትም አለው፤ ነገር ግን በልምምድ ላይ ሻምፒዮኑን በእግሩ ጠምዶ የሚያንቀው እንግዳ ሰው ያስፈልጋል። በ2005 ወደ ኔዘርላንድስ የሄደው ይህን ሲፈልግ ነበር። ሌላው ምክንያት ዕድሜ ነው። ልማዱ የሚሠራው ከወደቀው ሰው በግማሽ ሰከንድ ሲቀድም ነው። በ26 ዓመቱ ይቀድም ነበር። በ34 ዓመቱ ከወደቀው ሰው ጋር እኩል ይደርስ ጀመር፤ እኩል መድረስ ደግሞ በዚህ ሥራ መዘግየት ነው።

ወደ ቤት መመለስና ሁለተኛው ዙር

ከአሜሪካ ሲመለስ በሞስኮ አንድ አንጋፋ አሜሪካዊን በነጥብ፣ በጃፓን አንድ የቀድሞ የኦሎምፒክ ጁዶ ሻምፒዮንን፣ በሰኔ 2012 በሴንት ፒተርስበርግ አንድ ብራዚላዊ አንጋፋን አሸንፎ ጡረታ መውጣቱን አስታወቀ። በዚያው ዓመት የሩሲያ የቅይጥ ማርሻል አርት ኅብረት መሪ ሆነ። ሦስት ሽንፈትን በሦስት ድል ዘግቶ መውጣት የሚያስከብር አወጣጥ ነበር፤ እዚያው ቢቆም ብዬ የተመኘሁበት ጊዜ አለ።

በታኅሣሥ 31 ቀን 2015 በሳይታማ ተመለሰ። በሰኔ 2016 በሴንት ፒተርስበርግ ከአንድ ብራዚላዊ ጋር ሲገጥም በመጀመሪያው ዙር ክፉኛ ተመትቶ ለመቆም እንኳ ተቸግሮ ነበር፤ የዳኞቹ ውሳኔ ለእሱ መሆኑ ብዙ ተቃውሞ አስነሳ። በሰኔ 2017 በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን እሱና ተጋጣሚው በአንድ ቅጽበት ተማትተው ሁለቱም ወደቁ። ቀድሞ የተነሳው አሜሪካዊው ነበር፤ በዚህ ጊዜ ተከትሎ የገባውም እሱ ነው። በጥር 2019 «ቤላቶር» ለተባለው የአሜሪካ ድርጅት የከባድ ሚዛን ቀበቶ ሲፋለም ከጎን በመጣ የግራ ቡጢ በ35 ሰከንድ ተሸነፈ።

ከእነዚህ መሃል ግን ድሎችም አሉ፤ ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። በ2018 ሁለት ስመ ጥር አሜሪካውያንን አሸነፈ፣ አንዱን በ48 ሰከንድ። በጥቅምት 2021 በ45 ዓመቱ ሞስኮ ላይ አንድ አሜሪካዊ በመጀመሪያው ዙር በዝረራ ጣለ። ከሽንፈቶቹ ጋር ሲነጻጸሩ እነዚህ ድሎች የሚያሳዩት እጁ የመጀመሪያውን ቡጢ የማሳረፍ ችሎታ እንዳልተለየው ነው። የተለየው ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ነበር። በየካቲት 2023 በካሊፎርኒያ ኢንግልዉድ በ2019 እሱን ካሸነፈው አሜሪካዊ ጋር በድጋሚ ገጥሞ በመጀመሪያው ዙር ተሸነፈ። ጓንቱን አውልቆ ወለሉ ላይ ተወው፤ የሥራ ዘመኑም በዚያው አበቃ።

ወደ ሌላ የሥልጠና ቤት የሚወሰደው

ሳምቦን፣ ጁዶን ወይም ሌላ ትግልን ለሚያሠለጥን ሰው ከዚህ ጉዳይ መጀመሪያ የሚወሰደው ድልን እንደ ሽንፈት መመርመር ነው። ከእያንዳንዱ ድል በኋላ ቪዲዮው ሲታይ ጥያቄው «እንዴት አሸነፍን» ብቻ ከሆነ፣ የ2009ኙ ሁለት ድሎች ምልክቶች አይታዩም። «ተጋጣሚው ስሕተት ባይሠራ ኖሮ ቀጣዩ አሥር ሰከንድ ምን ይመስል ነበር» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው በልምምድ የሚሠራ ነው። ተፋላሚው ጣል፣ ተከተል፣ ጨርስ ብሎ ብቻ መለማመድ የለበትም። ጥሎ ማቆምንም መለማመድ አለበት። አጋሩ ወለል ላይ ተኝቶ እግሩን ከፍቶ ይጠብቀው፤ አሠልጣኙ «ግባ» ወይም «ተው» ይበል፤ «ተው» ሲባል ተፋላሚው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ተጋጣሚው እስኪነሳ ይጠብቅ። ቀላል ይመስላል፤ ለዓመታት ሲከተል ለኖረ ሰው ግን በደመ ነፍስ የሚመጣውን መያዝ ከባድ ሥራ ነው፣ በውድድር ቀን ሊማረው አይችልም። በተለይ ከወጥመድ የወጣ ሰው ተመልሶ እንዳይገባ ሕግ ሊኖረው ይገባል። የሳን ሆዜ ግጥሚያ የጠፋው በመጀመሪያው መግባት አልነበረም።

ሦስተኛው የሥልጠና ቤቱን አባላት ይመለከታል። ሻምፒዮን ሲኮን ለልምምድ የሚመጡት እሱን የሚወዱ ሰዎች ብቻ ይሆናሉ። በየዓመቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ የእሱን ድክመት የሚያውቅ፣ ስሙን የማይፈራ፣ ከሌላ ሙያ የመጣ ሰው ቤቱ እንዲገባ ማድረግ ያስፈልጋል። ወጪ አለው። የ2005ቱ ዝግጅት ወጪው እንደሚክስ አሳይቷል።

ስለ ውል አንድ ነገር ልጨምር። ተፋላሚ የራሱ ድርጅት ባለድርሻ መሆኑ መብቱ ነው፤ ብዙዎች ተበዝብዘው ባለቁበት ሙያ መደራደሩን አልነቅፍም። ነገር ግን ድርድሩ በዓመት የሚያገኘውን ግጥሚያ ወደ አንድ ሲያወርደው፣ የሚደራደረው ሰው ይህ ኪሳራ በገንዘብ የማይቆጠር መሆኑን ለተፋላሚው በግልጽ ሊነግረው ይገባል። ከ31 እስከ 34 ባለው ዕድሜ የባከነ ጊዜ አይመለስም።

የቀረው የተማሪዎቹ ነገር ነው። ከቡድኑ የወጣ አንድ ወጣት፣ ከዚያው ከቤልጎሮድ ክልል የመጣ የኮምባት ሳምቦ ሰው፣ በነሐሴ 2020 የ«ቤላቶር» ቀላል ከባድ ሚዛን ቀበቶን በሁለተኛው ዙር ወሰደ። ያሸነፈው መምህሩን በ35 ሰከንድ የጣለውን ያንኑ አሜሪካዊ ነበር። በ2021 ሌላው ተማሪ የዚሁ ድርጅት የከባድ ሚዛን ጊዜያዊ ሻምፒዮን ሆነ። ሁለቱም መምህራቸው ያደገበትን ሳምቦ ተምረዋል፤ ከእሱ በተለየ ግን ሽንፈቶቹንም እያዩ ነው የሠለጠኑት።